ጋሽ ልንገርልሽ እና ያልተነሱት ኮምፒውተሮች

ሰዎች ተሰብስበው የሚሠሩበት ቤት ሁሉ፣ የአንዱን ቃል ይዞ ወደ ሌላው ካልሄደ ቀኑ የማይመሽለት አንድ ሰው አያጣም። ስልክ ቢገባ፣ ኢሜይል ቢገባ፣ ግድግዳው ሁሉ በኬብል ቢተበተብ እሱ ከሥራው አይፈናቀልም። እናንተም መሥሪያ ቤት ካላችሁ አሁን ቀና ብላችሁ ወደ በሩ ተመልከቱ። ትከሻውን መቃኑ ላይ አስደግፎ፣ "እና ምን ልበለው?" ብሎ እየጠበቃችሁ ነው።

የዚህኛው ስም ጋሽ ልንገርልሽ ነው። እናታቸው ያወጡላቸው ሌላ ነበር፤ እሱን የሚያስታውሰው ግን መታወቂያ ካርዳቸው ብቻ ነው። ከወንድ ጋር ሲሆኑ ጋሽ ልንገርልህ፣ ከሴት ጋር ሲሆኑ ጋሽ ልንገርልሽ፣ ስብሰባ ላይ ሲገኙ ጋሽ ልንገርላችሁ ይባላሉ። በማሰልጠኛ ኮሌጁ ውስጥ እንደ ሰሚው ስማቸው የሚለዋወጥ ሠራተኛ ከእሳቸው ሌላ የለም።

በወረቀት ላይ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው። ወገባቸው ላይ የተንጠለጠለው የቁልፍ ዘለላ ቀድሟቸው ይደርሳል፤ ቅጭልጭል ሲል ሰው ሁሉ የሚልከውን ነገር ማሰብ ይጀምራል። የሚላክ ነገር ከጠፋም ክቡርነታቸው ባዶ እጃቸውን መመለስ አይሆንላቸውም። "ዝም ብዬ ከምሄድ፣ ሰላም ብላለች ልበላቸው?" ይላሉ።

ችግሩ ዕቃው መንገድ ላይ መለወጡ ነው። አንድ ጊዜ ዳይሬክተሩ፣ "ለአትክልተኛው ንገሩልኝ፣ አበቦቹ በውሃ ጥም ሊያልቁ ነው፣ ሰውየው ተኝቷል እንዴ?" ብለው ላኳቸው። አትክልተኛው ጋ የደረሰው፣ "ዳይሬክተሩ ዓይናቸውን ከአበቦችህ ላይ መንቀል አልቻሉም" የሚል ነበር። አትክልተኛው የሚሆነውን አጣ፤ ቀኑን ሙሉ እያፏጨ ዋለ፤ አበቦቹም ደረቁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የሒሳብ ሹሟ፣ "ያ የቤተ መጻሕፍቱ መስኮት እየተንኳኳ ራሴን ሊፈልጠው ነው፣ ይዝጋልኝ!" አለች። ለቤተ መጻሕፍቱ ሰው፣ "ራሷን ትንሽ አሟታል፣ አንተንም አንስታሃለች" ሆኖ ደረሰው። ሰውየው ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃት መጣ። መስኮቱ እስከ ዛሬ ይንኳኳል።

ሰው ይህን ሁሉ የሚያየው እንደ መርሳት ነው። "ዕድሜ ነው" ይላሉ፤ ይስቃሉ፤ ከዚያ መልሰው ይልኳቸዋል።

ትልቋ ደንበኛቸው የኔትወርክ ባለሙያዋ ናት። ወጣት ናት፣ እልኸኛ ናት፣ አሮጌው ሕንፃ ውስጥ ሰርቨሮቹን ከሚጠብቀው ባልደረባዋ ጋር ደግሞ ተኳርፋለች። የጠቡ መነሻ አንድ ቬንቲሌተር ነው። በሙቀቱ ወራት የኔትወርክ ስዊቾቿ ቁም ሣጥን ሲግል ጊዜ ከሰርቨር ክፍሉ ቬንቲሌተር ሳታስፈቅድ አንስታ ወሰደች። እሱም ሰው በተሰበሰበበት "የቬንቲሌተር ሌባ!" አላት። ከዚያን ቀን ወዲህ በግቢው አንድ ጫፍ እሷ፣ በሌላው ጫፍ እሱ፣ በመሃላቸው ሜዳው፣ በሜዳው ላይ ደግሞ ወዲያ ወዲህ የሚሉ ጋሽ ልንገርልሽ።

በዚህ መሃል ነው አዲሱ የኮምፒውተር አዳራሽ የተከፈተው። አዳራሹ ለእሷ እንደ ልጇ ነበር፤ ዳይሬክተሩን ወጥራ ይዛ ያስፈቀደችው እሷ ናት። ሠልጣኞቹ ካርቶን ላይ ኪቦርድ ስለው፣ በየቁልፉ ሳጥን ውስጥ ፊደል ጽፈው፣ ድምፅ በሌለው ቁልፍ ላይ ጣታቸውን ሲያለማምዱ አይታ አላስችል ብሏት ነበር። አሁን እውነተኛዎቹ ቁልፎች መጥተዋል። ግን ማሽኖቹ ሃርድ ዲስክ የላቸውም፤ ሲበሩ አሮጌው ሕንፃ ካለው ሰርቨር ሲስተማቸውን በኔትወርክ ስበው መነሳት አለባቸው። ሰኞ የሠልጣኞቹ ፈተና ነው። ዳይሬክተሩም ቁርጡን ነግረዋታል።

"እስከ ሰኞ ካልተነሱ ማሽኖቹን ለየቢሮው አከፋፍላለሁ። አዳራሹም የወንበር ማከማቻ ይሆናል።"

ዓርብ ጠዋት ሁሉንም አንድ ላይ አበራቻቸው። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ፊደል፣ ከዚያ ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ። በመጨረሻ በአዳራሹ ሙሉ አንድ ዓይነት ቃል ተደረደረ፦ አድራሻ የሚሰጠኝ አጣሁ።

የቁልፍ ዘለላው ቅጭልጭል አለ።

"ኬብሉ ይሆናላ" አሉ ክቡርነታቸው ከበሩ።

"አይቼዋለሁ፣ ጋሼ።"

"እና ምን ልበለው?"

"ለማን?"

"ለሱ ነዋ። ምን ልንገርልሽ?"

"ምንም አይንገሩልኝ። ይልቅ ይቺን አንዷን ያግዙኝ።"

አንዱን ማሽን ተጋግዘው በሜዳው አሻገሩት። አሮጌው ሕንፃ ኮሪደር ላይ አስቀምጠው፣ ከግድግዳው የኔትወርክ ሶኬት ጋር አገናኝተው አበሩት። ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ተነሳ፤ ሰማያዊው ስክሪን ልክ ሰማይ ሲገለጥ እንደማየት ነበር።

"አየሽ? ሰፈሩ ሲገባ ዳነ" አሉ ጋሽ ልንገርልሽ፣ ማሽኑን እንደ በሽተኛ ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ።

ነገሩ ልክ ነበር። አዲስ የበራ ኮምፒውተር ስሙን አያውቅም፣ ቤቱን አያውቅም፣ ማንን እንደሚጠይቅ እንኳ አያውቅም። የሚችለው ነገር መጮህ ብቻ ነው፦ ማን አለ? እኔ ማን ነኝ? በምን ልነሳ? በአንድ ሰፈር ውስጥ ሰርቨሩ ጩኸቱን ሰምቶ "አለሁልህ" ይለዋል። ግቢው ግን በሁለት ሰብኔት፣ ማለትም በሁለት የኔትወርክ ሰፈር የተከፈለ ነው፤ አሮጌው ሕንፃ አንድ፣ አዲሱ ሕንፃ አንድ። በመሃል ያለው ራውተር አድራሻ የተጻፈበትን መልእክት በደስታ ያሳልፋል። ዝም ብሎ የሚጮህን ግን እንደ ጭምት ዘበኛ በሩ ላይ ያስቀረዋል። ማሽኖቹ ሲጮኹ የዋሉት ለራሳቸው ግድግዳ ነበር።

"ስለዚህ ራውተሩ ላይ አንድ አስተላላፊ መሾም አለብን" አለች እየተመለሱ። "ጩኸቱን ሰምቶ ወደ ሰርቨሩ የሚያደርስ።"

ጋሽ ልንገርልሽ ሜዳው መሃል ቆሙ። "እንደኔ ያለ?"

"በትክክል እንደ እርስዎ ያለ፣ ጋሼ።"

ክቡርነታቸው ቀሪውን መንገድ የሄዱት ደረታቸውን ነፍተው ነው።

ላፕቶፗን ከፍታ ራውተሩ ላይ የአድራሻ ሰጪውን ሰርቨር ቁጥር አስገባች። ማሽኖቹን አጥፍታ አበራች። ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ፤ ከዚያ አድራሻ! ሁሉም አድራሻ አገኙ! ልታጨበጭብ እጇን ስታነሳ ሁሉም ቀጥ አሉ። አሁን ደግሞ ሌላ ቃል ተደረደረ፦ የማስነሻ ፋይል ስም አልደረሰኝም።

ስምና ቤት አግኝተው በምን እንደሚነሱ የሚነግራቸው ያጡ ማሽኖች። ከቅድሙ ይልቅ ይሄኛው አንጀት ይበላል።

"ጋሼ፣ የማስነሻው አገልግሎት እዚያው ሰርቨር ላይ እየሠራ ነው ወይ ብለው ይጠይቁልኝ።"

ክቡርነታቸው ሄዱ። ቆይተው ፊታቸው በርቶ ተመለሱ።

"ሰላም ብሎሻል።"

"እሺ?"

"በርቺ ብሎሻል። እንዲህ ያለች ጎበዝ ልጅ አላየሁም ብሏል።"

"ስለ ሰርቨሩስ?"

"ሰርቨሩም ደህና ነው።"

የኔትወርኩን መከላከያ ፋየርዎሉን ፈተሸች፤ የስዊቹን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ አየች፤ ኬብል ለወጠች። እንደገና ላከቻቸው። "እጅሽ ይባረክ ብሎሻል" ይዘው መጡ። አሁንም ላከቻቸው። "ምሳ በልታለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ" አሉ። ምሳ አልበላችም ነበር። ነገሩ ልቧን ነካው። ያ ኩርፈኛ ስለ ምሳዋ ከጠየቀ፣ ለወራት በሰላምታው ላይ ሰላምታ ከጨመረ፣ እሷ ምን ሆና ነው ያንን ሜዳ ማቋረጥ ያቃታት?

ተነስታ አቋረጠችው። የቁልፍ ዘለላው ከኋላዋ እየተሽቀዳደመ፣ "እኔ እነግርልሻለሁ እኮ! አንቺ ምን አደከመሽ!" ይላል።

የሰርቨር ክፍሉን በር ስትከፍተው ሰውየው ከወንበሩ ብድግ አለ። በመሃል፣ በማግስቱ አስመልሶት የነበረው ያ ቬንቲሌተር አንገቱን ከአንዱ ወደ አንዱ ያዞራል።

"ስለ ምሳው አመሰግናለሁ" አለች።

"የምን ምሳ?" አለ። ከዚያ ግን ብሶቱ ቀደመው። "ይልቅ አንቺ ልጅ፣ ስንቴ ነው የምልክብሽ? የማስነሻውን አገልግሎት ባለፈው ወር ወደ ሌላ ሰርቨር አዛውሬዋለሁ። ራውተርሽ ላይ የአድራሻ ሰጪውን ብቻ ሳይሆን የሱንም ቁጥር አስገቢ እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ!"

"ማንም አልነገረኝም!"

"ለጋሼ ነገርኳቸው እንጂ! 'ያቺን የቬንቲሌተር ሌባ ይበሏት፣ ሁለተኛውን ቁጥር ታስገባ' አልኳቸው።"

"ለእኔ የደረሰኝ 'በርቺ' የሚል ነው።"

ቬንቲሌተሩ አንድ ዙር ዞረ።

"ቆይ" አለ ሰውየው ቀስ ብሎ፣ "ታዲያ አንቺ የላክሽው ሁሉስ? 'ያለ እሱ ይሄ ኮሌጅ አንድ ቀን አያድርም' ያልሽው? 'የቬንቲሌተሩ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል' ያልሽውስ?"

"መቼ ነው እንዲህ ያልኩት? እኔማ የምልክብህ..." የላከችውን አስታውሳ ዋጠችው።

ሁለቱም ወደ በሩ ዞሩ። የቁልፍ ዘለላው ጸጥ ብሏል። ጋሽ ልንገርልሽ ቁልፎቹን በሁለት እጃቸው አፍነው የጫማቸውን ጫፍ ያያሉ።

"እኔ ስድብ ማድረስ አልችልም" አሉ። "ስሸከመው ይከብደኛል። ሜዳው ላይ ስደርስ አውጥቼ እጥለዋለሁ። ዛሬ ግን ስድቡን ላወጣ ስል ቁጥሩም አብሮ ወጣብኝ መሰለኝ።"

የሚቆጣቸው ጠፋ። እሷ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ብትይዘውም በአፍንጫዋ አመለጣት፤ የሱም ተከተለ። ሲስቁ ቬንቲሌተሩ ሳቁን እያመላለሰ በየፊታቸው ይረጨው ነበር።

"ቁጥሩን ንገረኝ" አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ። "በቀጥታ።"

እሱ ነገራት፣ እሷ አስገባች። አዳራሹ ውስጥ ማሽኖቹን የሚያበራና ወሬውን የሚያመጣ ሰው ግን ያስፈልግ ነበር። ሳይነገራቸው ክቡርነታቸው ሜዳውን በሩጫ አቋረጡ። ብዙም ሳይቆይ ከወዲያኛው መስኮት፣ ከዚያ ከበረንዳው፣ ከዚያ ከሜዳው መሃል ድምፃቸው ተሰማ።

"ተነሳ! የመጀመሪያው ተነሳ! አጠገቡ ያለውም ተነሳ! ኧረ ሁሉም! ኧረ አዳራሹ በራ!"

ሰኞ ሠልጣኞቹ ተፈተኑ። በመስኮቱ በኩል የሚሰማው የቁልፍ ኳኳታ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነበር። ካርቶናቸውን በር ላይ የተዉም አሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ለመልካም ዕድል ነው ብለው በብብታቸው ሥር ይዘው ገብተው ነበር። ዳይሬክተሩ በኮሪደሩ አልፈው፣ ቆመው አዳምጠው፣ ስለ ወንበር ማከማቻው ሳያነሱ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ የኔትወርክ ባለሙያዋና የሰርቨሩ ሰው ጠብ ሲያምራቸው እንኳ በስልክ፣ ያለ አማላጅ ነው። ስድቡም ቁጥሩም ሳይነካካ ይደርሳል። ሥራው ፈጠነ፤ ሁሉም ተደሰተ።

ከአንድ ሰው በቀር። ጋሽ ልንገርልሽ በሩ ላይ ይመጣሉ፣ ትከሻቸውን መቃኑ ላይ ያስደግፋሉ፣ ስልኩን ያያሉ። ስልኩ ይጠራል፤ እሷ ታነሳለች፤ ነገሩ ያልቃል። እሳቸው ቁልፋቸውን ከአንድ ጣት ወደ ሌላ ጣት ያዛውራሉ፤ "በሉ እንግዲህ" ይላሉ ለማንም ሳይሆን፤ በዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። እሷ ሁለት ቀን በመስኮት አየቻቸው። በሦስተኛው ቀን አልቻለችም። ስልኩን ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

"ጋሼ፣ ዛሬ ስልኬ አልሠራ አለኝ። እስቲ አንድ ነገር ይንገሩልኝ።"

ክቡርነታቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። ቁልፉ ቅጭልጭል አለ። "ለሱ? ምን ልበለው?"

የምትልከውን አላሰበችበትም ነበር። "ሰላም ብላሃለች ይበሉልኝ።"

ጋሽ ልንገርልሽ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እሱንማ ጠዋት ነግሬዋለሁ፣ ልጄ። ሌላ አምጪ።"