የአቶ ደስታው መኪና ዓመል

ራሱ ቢታማ የሚስቅ፣ ልጁ ቢነቀፍ «እሱስ እውነት ነው» የሚል፣ መኪናው ስትነካ ግን ደሙ የሚፈላ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ወረታ አነስተኛ ከተማ ብትሆንም በዚህ ረገድ ከማንም አታንስም። እኛ ዘንድ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር አቶ ደስታው ናቸው።

አቶ ደስታው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የሩዝ መፈልፈያ አላቸው። ጎረቤቴ ስለሆኑ ፊት ለፊት «አያ ደስታው፣ አንተ» እላቸዋለሁ፤ በጽሑፍ ግን ማዕረግ አልነፍጋቸውም። ከስድስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄደው ከትልቅም ከትንሽም ያልሆነች፣ ያገለገለች የቤተሰብ መኪና ገዝተው መጡ። በፋብሪካው ሐሳብ ሰባት ሰው ትይዛለች። በእኛ በፎገራ ሰዎች ሐሳብ አሥራ አንድ ትይዛለች፣ ዶሮ ሳይቆጠር።

በገባች በሳምንቷ ከመሪው ፊት ቢጫ የሞተር ምልክት በራ። ከጎናቸው ተቀምጬ ነበርና «አያ ደስታው፣ ይኸ መብራት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ዓመሏ ነው» አሉኝ። «ዓመሏ ነው እንጅ በሽታ አይደለም።»

መብራቱ ከዚያ ወዲህ በርቶ ቀረ። አንድ ቀን አዲስ ዘመን መግቢያ ላይ ለጥቂት ጊዜ ቢጠፋ፣ አቶ ደስታው ደንግጠው መኪናዋን አቆሙና ምን ነካት ብለው ሞተሩን ከፍተው አዩ።

ዓመልና በሽታን መለየት የተማሩት ከአባታቸው ነው። አባታቸው የታወቁ የከብት ነጋዴ ነበሩ። በከብት ገበያ የምትራገጥ ላም ዓመለኛ ናት፤ እግሯን አስሮ ማለብ ነው። የምታስል ላም ግን ታማለች። አቶ ደስታው ከአባታቸው የወረሱት የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ መኪናዋ ብታስልም ዓመል ነው።

ማርሽ በቀየረች ቁጥር ትደነግጣለች። ተሳፋሪው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደፊት ጎንበስ ብሎ ይነሣል። መምሬ ወልደ ሥላሴ ከእኛ ጋር በሄዱ ቁጥር «ስግደት ለጎደለበት ሰው ደኅና መኪና ናት» ይላሉ። የኋላ መዝጊያዋ ደግሞ ተከፍታ መቆየት አይሆንላትም፤ ዕቃ በሚያወጣ ሰው አናት ላይ ትወርዳለች። የመምሬን ጥምጥም ሁለት ጊዜ ካወረደች ወዲህ በራሳቸው በመምሬ መቋሚያ እየተደገፈች ነው ጤፍ የሚራገፈው።

ጣሪያዋ ላይ ለፀሐይ ተብሎ የተሠራ መስታወት አለ። ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ባሕር ሲያደርጉት፣ የውጭው ውኃ አልበቃ ብሎ በዚያ መስታወት ጥግ ውስጥ ይገባል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጣራ ገዳም ለመሳለም ስንሄድ መኪና ውስጥ ጃንጥላ ዘርግተው ነው የተቀመጡት። መንገደኛው ቆሞ አየን። አቶ ደስታው መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ዓመሏ ነው!» ብለው አስረዱት፤ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ባለፈው ዓመት አምራቹ ድርጅት በዚያ ዘመን የሠራቸውን መኪኖች ሁሉ ለጥገና መልሶ ጠራ። የነዳጅ ፓምፓቸው በጉዞ መካከል ሞተር ሊያጠፋ ስለሚችል ባሕር ዳር ባለው ጋራዥ በነጻ ይቀየራል ተባለ። ዜናውን ስልኬ ላይ እንዳነበብሁ ምሥራች ልናገር ወደ ሩዝ መፈልፈያው ሮጥሁ።

አቶ ደስታው በጥሞና ሰሙኝና «ነውሯን የተናገረ ከሸጣት በኋላ ነው?» አሉ።

«አዎ።»

«ባሕር ማዶ ተቀምጦ?»

«አዎ፤ ግን በነጻ እኮ ነው አያ ደስታው።»

«አባቴ ቢሆን ይኸን ሰው ከገበያ ያስወጣው ነበር» አሉ በቁጣ። «ነውር የሚነገረው የላሟን ገመድ ከማስረከብ በፊት ነው። እንዲህ ላለ ነጋዴ ላሜን መልሼ አልሰጥም።»

ፓምፑ ግን ይህን ክርክር አልሰማም። በግንቦት ወር፣ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ሐሙሲት ላይ ነበር። በማለዳ ተነሥተው ጉማራ ድልድይ ሳይደርሱ መኪናዋ ጸጥ አለች። አቶ ደስታው «ዓመሏ ነው፣ ትንሽ ትረፍ» ብለው አጠገቧ ቆሙ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ባጃጅ ለምነው ሄዱ፤ ሲደርሱ ሕፃኑ ተጠምቆ፣ ጠብቶ ተኝቷል። መኪናዋ ከቀትር በኋላ በገዛ ዓመሏ ተነሣች።

ማታውን ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ቁርጡን ተናገሩ። «ወይ ታማለች ብለህ ታሳክማታለህ፣ ወይ ትሸጣታለህ።»

«እሸጣታለሁ» አሉ አቶ ደስታው። ታማለች ከማለት መሸጥ ቀለላቸው። ሲናገሩ ግን ፊታቸው የሐዘንተኛ ፊት ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመሱም ማለት ይቻላል።

ገዢ ከአንበሳሜ መጣ። አቶ የኔሰው ይባላል፤ እህል ነጋዴና የብዙ ከብት ጌታ ነው። መምሬ ወልደ ሥላሴና እኔ ምስክር ሆነን ከመፈልፈያው ግቢ ቆምን። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ደጃፉ ላይ ናቸው። አቶ የኔሰው መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አየና፣ በከብት ገበያ እንደ ለመደው፣ «እንግዲህ ነውሯን ንገረኝ» አለ።

የአቶ ደስታው አባት አርባ ዓመት ሲነግዱ አንዲት ነውር ደብቀው አያውቁም። አቶ ደስታው ዝም ቢሉ የአባታቸውን ስም ሊያጠፉ ነው፤ ቢናገሩ ስድስት ዓመት የተከራከሩትን ሊያፈርሱ ነው፣ ያውም በእኔና በሚስታቸው ፊት። እውነቱን ለመናገር እኔ ለመሳቅ ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። አሁን ግን ገዢውን በመጣበት መንገድ ልመልሰው አማረኝ።

አቶ ደስታው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ማርሽ ስትቀይር ትደነግጣለች» ብለው ጀመሩ። «ጣሪያዋ ያፈሳል። የኋላ መዝጊያዋ ሰው ትመታለች። ዘይት ትጠጣለች፤ በየወሩ ሁለት ሊትር የምጨምርላት ሰው ሳያየኝ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ መሪዋ ይንቀጠቀጣል። የመካከለኛው ወንበር ቀበቶ አይቆልፍም፤ ስለዚህ እዚያ የማስቀምጠው ቀጠን ያለ ሰው አይደለም፣ ከጎንና ከጎኑ እንዲጣበቅ ወፍራም ነው…»

እኛ የምናውቀው አምስቱን ነበር። እሳቸው አሥራ ሰባት ቆጠሩ። ሁሉንም ሲያውቁ ኖረዋል! በየአንዳንዱ ነውር ድምፃቸው እየወረደ ሄደና በመጨረሻ «ፓምፗም… ታማለች» አሉ።

አቶ የኔሰው ራሱን ነቀነቀ። «ነውሯን ሰማሁ። ሙያዋስ?»

አቶ ደስታው ወደ መኪናዋ ዞሩ። በባርኔጣቸው የፊት መስታወቷን አቧራ ይጠርጉ ጀመር።

«ሙያዋን እኔ ልንገርህ ወንድሜ» አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ከደጃፍ እየመጡ። «ክረምት ሜዳው ሲጥለቀለቅ፣ ምጥ የያዛትን ሁሉ ሐኪም ቤት ያደረሰች እሷ ናት። አገኘሁሽን፣ ድንቅነሽን፣ የዚህን የጎረቤታችንንም ሚስት። ለልጅ ልጄ ክርስትና ቆመች እንጅ ለምጥ ቆማ አታውቅም።»

እውነት ነው። ልጄ ንጋት የተወለደች ዕለት ውኃው እስከ ጎማው ግማሽ ነበር። እኔ ከኋላ ባለቤቴን ደግፌ፣ አቶ ደስታው ከፊት መሪዋን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ» ይሉ ነበር፤ ባለቤቴን ይሁን መኪናዋን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። በዚህች መኪና ስድስት ዓመት ስቄያለሁ። ይህን ከወይዘሮ ማንጠግቦሽ አፍ ስሰማ ግን ለቅሶዬ መጣ።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ወደ ባላቸው ዞሩ። «ታማለች አልህ?»

«አልሁ።»

«ይኸው ነው እኮ! ስድስት ዓመት ይኸን ብቻ ነው የለመንሁህ።» ከዚያ እንግዳውን አዩና «ይቅርታ ወንድሜ፣ አትሸጥም» አሉ።

አቶ የኔሰው ሳቁ አመለጠው። «ድሮስ ነውሯን እንዲህ ካወቀ ሰው ላም ይገዛል? ከእሱ በቀር ለማን ትታለባለች! በሉ፣ አንዴ መጥቻለሁ፣ እስከ ሐሙሲት አድርሱኝ።»

«እናደርስሃለን» አሉ አቶ ደስታው፤ ፊታቸው በርቷል። «ዛሬውኑ ባሕር ዳር ወስደን እናሳክማታለን። ያም ነጋዴ ቢዘገይም ነውሩን ተናግሯል፤ ይቅር ብዬዋለሁ።»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ከፊት ገቡ። አቶ የኔሰው ገባ። መምሬ «መንገዴ ነው» ብለው ገቡ፤ መንገዳቸው አልነበረም። አቶ ደስታው ሞተሩን አስነሥተው እኔን በመስኮት አዩኝ።

«አንተስ ባሕር ዳር ምን ጉዳይ አለህ?»

«አስታማሚ ነኝ» ብዬ ገባሁ።