አጎት ፈይሳ በታብሌት

እኛ አምቦዎች መዋዋስ እንወዳለን። መሰላል ያለው ሰው መሰላሉን የሚያየው ጎረቤቱ ጣሪያ ላይ ነው፤ ወንፊት የገዛች ሴት ወንፊቷን ፍለጋ ሦስት በር ታንኳኳለች። የማማርር እንዳይመስላችሁ። አሁን ቤቴ ያለው መዶሻ የማን እንደሆነ ረስቼዋለሁ፤ ባለቤቱም ረስቶታል መሰለኝ። ኢንተርኔት ወደ ከተማችን ሲገባ ታዲያ ሰውን ከሰው ይለያያል ብለው የሰጉ ነበሩ። እኔ አልሰጋሁም። የምንዋዋሰው ተጨመረልን እንጂ ምን ተቀነሰብን? መሰላል እንኳ ሲዋሱት ከቤት ይወጣል፤ ኢንተርኔት ግን እዚያው ባለቤቱ ጋ ቁጭ እንዳለ ለጎረቤት ይተርፋል። እስከ ምን ድረስ እንደሚተርፍ ያወቅሁት በሰው ትዳር ላይ ነው።

ያን ጊዜ አዴ ብርቄ ግቢ ተከራይቼ የምኖር የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነበረኝ። በእኛ ግቢ ላፕቶፕ ያለው ሰው ኮምፒውተር ያጠና ሰው ነው፤ ማዕረጉን ለምኜ አላገኘሁትም፣ ሲሰጠኝም አልመለስኩም። ላፕቶፑ አንድ ቀን ከጠረጴዛ ከወደቀ ወዲህ ካሜራው ታውሯል፣ ባትሪውም ስለሞተ ከሶኬት አይለይም። ኢንተርኔት የሚያገኘው ጎኑ ላይ በምትሰካ፣ ሲም ካርድ በያዘች፣ አውራ ጣት በምታህል ዶንግል ነው። እሷም ብትሆን በዋዛ አትሠራም። ኔትወርክ ደህና አድርጋ የምትይዘው በአዴ ብርቄ ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ስትቀመጥ ብቻ ነው።

የአዴ ብርቄ ልጅ ለሊሴ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። አክስቷ የሰጠቻት ታብሌት ነበራት፤ ካሜራው ጥሩ፣ ፊቱ ሰፊ፣ ግን ሲም የማይቀበል። ዋይፋይ ካላገኘ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ዋይፋይ ደግሞ በግቢያችን የለም። እኔ ነኝ እንግዲህ መላውን የነገርኳት፤ ላፕቶፑ በዶንግሉ ያገኘውን ኢንተርኔት ያለ ገመድ ለታብሌቱ ማካፈል ይችላል። አዴ ብርቄ አልገባ ሲላቸው፣ ዶንግሉ ቧንቧው ነው፣ ላፕቶፑ ቦኖ ነው፣ ታብሌቱ ጀሪካን ነው አልኳቸው። ወዲያው ገባቸው። ለሊሴ ግን ጀሪካኑን የፈለገችው ለጨዋታ አልነበረም።

ጎጆ ከተማ የሚያስተምር ቶሌራ የሚባል ልጅ ሊያገባት ሽማግሌ ይልካል። አባቷ በሕይወት ስለሌሉ እሺ ወይም እምቢ የሚሉት ያሳደጓት አጎቷ ኦቦ ፈይሳ ናቸው። ሽማግሌዎቹ አንዴ መጡ፣ ተመለሱ። ሁለተኛ መጡ፣ ተመለሱ። እስከዚህ ድረስ ወግ ነው፤ በመጀመሪያው ልመና ልጁን የሚሰጥ ሰው ልጁ የከበደችው ይመስላል። ኦቦ ፈይሳ ግን ወጉን ተሻግረው ከልባቸው መጥላት ጀምረው ነበር። የጎጆ ሰው ብርዱ እቤት ስለሚያውለው ሥራው ድንች መብላትና ክርክር ነው፣ አንድ ቃል ብትናገረው ሦስት ይመልስልሃል፣ ልጄን ለመልሰኞች አልሰጥም ይሉ ነበር። ጎጆዎችም በበኩላቸው ስለ እሳቸው የሰሙት አለ። ሰውዬው ወሬ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም ተብሏል።

ሦስተኛው ቀጠሮ ሲደርስ ኦቦ ፈይሳ ለመንገድ ሥራ አሶሳ ነበሩ። ቀጠሮው ከተሰረዘ ሽማግሌዎቹ ሦስተኛም ተመለስን ይላሉ፤ ሦስት ጊዜ የተመለሰ ሽማግሌ ደግሞ ሰው ነውና አራተኛ አይመጣም። ለሊሴ ይኼንን ስለምታውቅ ምግብ አልበላላት ብሎ ከሰውነት ወጣች። በመጨረሻ አጎት በታብሌት ይገኙ ተባለ። በስልክማ ይሆን ነበር ትሉኝ ይሆናል። አይሆንም፤ ሽማግሌ ፊት አይቶ ነው የሚለምነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ላፕቶፑን መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩ። ታብሌቱን ሳሎኑ ራስጌ፣ ትልቁ ወንበር ላይ፣ ከኋላው ትራስ ደግፌ አስቀመጥኩት። ከአሶሳ ኦቦ ፈይሳ ኮታቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። አምስቱ ሽማግሌዎች ገብተው ቆሙ። ተቀመጡ እስኪባሉ አይቀመጡም፤ ተቀመጡ ከተባሉ ደግሞ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። መሪያቸው ኦቦ ዲንሳ "አካም ኦልታን፣ እንደምን ዋሉ" ብለው ወንበሩን እጅ ነሡት፤ የቀሩትም አንገታቸውን ደፉ። ኦቦ ዲንሳ አጭርና ያማረ ልመና አቀረቡና እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው መልስ ጠበቁ። ኦቦ ፈይሳ ግራ ቅንድባቸውን ሰቀሉ፣ እጃቸውን አገጫቸው ላይ ጣል አደረጉ፣ ዝም አሉ።

ዝም አሉ አልኳችሁ። ዝም እንዳሉ ቀሩ።

አንድ ደቂቃ ሆነ፣ ሁለት ሆነ። እኔ ከወንበሩ ጎን ቆሜ ላብ አጠመቀኝ። ቅንድቡ አይወርድ፣ እጁ አይነቃነቅ። ዞር ብዬ ወደ መስኮቱ ባይ፣ ላፕቶፔ ተከድኖ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። በአዴ ብርቄ ቤት እንግዳ ሲመጣ ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም ዳንቴል ይለብሳል። ይኼ አንዱ ብቻ በተከበረ ሽማግሌ ፊት አፉን ከፍቶ መቀመጡ አሳፍሯቸው፣ ወደ ጓዳ ሲያልፉ ቀስ ብለው ከድነውታል። ላፕቶፕ ደግሞ ሲከደን ይተኛል። ቦኖው ተዘጋ ማለት ነው።

ሮጬ እንዳልከፍተው፣ ቆመው በሚለምኑ ሽማግሌዎች ፊት ማቋረጥ ነውር ነው። ለሊሴ በጓዳው መጋረጃ ቀዳዳ ታየኛለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ ግን አልተከፉም። ኦቦ ዲንሳ ወደ ጓደኞቻቸው ጠጋ ብለው "ስለዚህ ሰው የተነገረን ሁሉ ሐሰት ነው፤ ነገር አጣጥሞ የሚናገር ሰው ነው" አሉ። አራቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። የእሳቸውን ክብደት አይተው እነሱም በክብደት ዝም አሉ። መቼም ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

በመጨረሻ ሙቀቱ በዛ፣ መስኮት ልክፈት ብዬ ጎንበስ ጎንበስ እያልኩ በግድግዳው ጥግ ሄድኩ። ዳንቴሉን አነሣሁ፣ ላፕቶፑን ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩ፣ ማካፈሉን እንደገና አስጀመርኩ። በጥድፊያ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ታብሌቱ ላይ የምትሽከረከረው ክብ ጠፋችና ኦቦ ፈይሳ ቅንድባቸውን አወረዱ። ድምፃቸው ሰልሎ ነበር፤ ዓይናቸው ረጥቧል።

"በሉ ተቀመጡ" አሉ። "ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ከባዱንም ተናገርኩ። አንገታችሁን እንደደፋችሁ ሰማችሁኝ፣ አንድ ቃል አልመለሳችሁልኝም። ልጄ ሰው የሚያዳምጥ ቤት ትገባለች።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ግን ተቀመጡ የተባለ ሽማግሌ ምን ተናገሩ ብሎ አይጠይቅም፤ ይቀመጣል። ተቀመጡ። ከጓዳ እልልታ ተሰማ፤ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የአዴ ብርቄ ነበር።

አጎት፣ የሽማግሌዎቹ ምስል አንገቱን እንደደፋ ደርቆባቸው ሳለ የተናገሩትን፣ በማግስቱ ራሳቸው ለአዴ ብርቄ በስልክ በኩራት ዘርዝረውላቸዋል። ከብርዱ ጀምረው፣ ድንቹን አልፈው፣ የኦቦ ዲንሳን አያት በስም እስከ ማንሣት ደርሰው ነበር። እዚህ አልጽፈውም፤ የጎጆ አንባቢ ሊኖረኝ ይችላል። ለሊሴ ሰምታ ክፍሌ ድረስ መጣች። "ጋሼ፣ ለማንም እንዳይነግሩ፤ አደራ" አለችኝ። እኔም የሰው አደራ ከባድ ነው ብዬ አፌን ዘጋሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለእኔም ፈርቼ ነበር፤ ኮምፒውተር ያጠና ሰው ነው የሚለው ማዕረግ በዳንቴል ሲገፈፍ ማየት አልፈለግሁም።

ሠርጉ ደረሰ፣ ኦቦ ፈይሳ በአካል መጡ። ሙሽሮቹ ቀለበት ካሰሩ በኋላ አጎት መርቁ ተባሉና ተነሡ። ምርቃቱ አጭር ነበር፤ ተከትሎት የመጣው ግን ከጎጆ ብርድ ጀምሮ ድንቹ ላይ ሲደርስ ወጡ ቀዘቀዘ። አያትየውን ሲያነሡ ኦቦ ዲንሳ ብድግ አሉና ለአንዱ ቃል ሦስት፣ ለሦስቱ ዘጠኝ እያደረጉ ይመልሱላቸው ጀመር። አጎት ደንግጠው አፋቸውን ያዙ። ኦቦ ዲንሳም የሰሙትን ማመን አቅቷቸው መሃል ላይ ቆሙ። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ትክ ብለው ተያዩ፣ ቀጥሎም ያን ቀን ወንበሩ አጠገብ የነበርኩት ትዝ አልኳቸው መሰለኝ፣ እኩል ወደ እኔ ዞሩ።

"ያ ነገር የሚያጣጥመው ሰውዬ የት ሄደ?" አሉኝ ኦቦ ዲንሳ።

ሙሽራዋን አየኋት፤ በቬሏ ሥር ሳቋን አፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

"አባቶቼ" አልኳቸው፣ "ዛሬ ኔትወርኩ ጥሩ ነው።"