አውጫጪኝ በአውቶቡስ ውስጥ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ አውቶቡስ ያለ መለዋወጫ ጎማ ሊነሣ ይችላል፤ ማንም ያልሾመው ዳኛ ሳይሳፈርበት ግን ተነሥቶ አያውቅም። ይህ ሰው ዘወትር ከፊት ይቀመጣል። መስኮት እንዲከፈትም እንዲዘጋም የሚፈርደው እሱ ነው። ሕፃን ሲያለቅስ እናቲቱን፣ መኪና ሲፈጥን ሾፌሩን፣ ዝናብ ሲዘገይ ሰማዩን ይገሥጻል። ዕድሜ ልኩን የሚጠብቀው አንድ እውነተኛ ጉዳይ ብቻ ነው።

ለክቡር አቶ እንዳላማው ያ ጉዳይ የመጣላቸው ደጀን ላይ ነው።

በደብረ ማርቆስ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠው ሰልማ ከልጇ ከሳጂዳ ሠርግ እየተመለሰች ነበር። አውቶቡሱ ደጀን ቆሞ ሻጮች መስኮቱን ሲከቡት፣ ብርቱካን ልትመርጥ አንገቷን አወጣች፤ ስትመለስ ቦርሳዋ ከጭኗ ላይ የለም። መታወቂያዋ፣ የባንክ ካርዷ፣ ስልኳ፣ ሁሉም አብሮ ሄዷል። መታወቂያ ይተካል፤ ካርድም ይዘጋል። በስልኩ ውስጥ ግን ሳጂዳ ከነሙሽራ ልብሷ ሆና፣ ከደብረ ማርቆስ አለፍ ብላ ባለችው በአማኑኤል ከተማ አልጋ ላይ ለዋሉት አያቷ የተናገረችው ቪዲዮ ነበር። አሮጊቷ ሠርጉ ላይ መድረስ አልሆነላቸውም፤ ሰልማም «ዛሬ ሙሽራይቱን አሳይዎታለሁ» ብላ ለእናቷ ቃል ገብታለች።

«ወላሂ አለቀልኝ!» ብላ ጮኸች።

አቶ እንዳላማው ተነሡ። ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ከዘራቸውንም ወለሉ ላይ አጮሁት። «በር ይዘጋ! ማንም እንዳይወርድ! አውጫጪኝ ተቀምጠናል!»

በአባቶቻችን ዘመን ከብት ሲሰረቅ አገሬው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብ ነበር፤ ሌባው እስኪታወቅም ማንም ቤቱ አይገባም። አቶ እንዳላማው በወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠሩ ስለዚህ ሥርዓት እንደ ጉድ ሲያነቡ ኖረዋል እንጂ፣ ራሳቸው አንድም ቀን ተቀምጠው አያውቁም።

«አባቴ» አለ ሾፌሩ መሳፍንት፣ «ቦርሳው የሄደው እኮ በመስኮት ነው። ሌባው ውጭ ነው ያለው።»

«መስኮቱ የአውቶቡሱ አካል ነው ወይስ አይደለም?»

«ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ዝም በል!»

መሐላው ከፊት ወንበር ጀመረ። አንዱ «በማርቆስ»፣ ሌላው «ወላሂ» እያለ ማለ። ሌባው አልተገኘም፤ ሌላ ሌላው ኃጢአት ግን ሁሉ ወጣ። አንድ ገበሬ በሰው ወንበር መቀመጡን አመነ። አንዲት ወይዘሮ ከጎናቸው ከተኛው ሰውዬ ቆሎ መዝገናቸውን ተናዘዙ። «እኔስ መች ተኛሁ? ሲዘግኑ እያየሁዎት ነበር» አለ ሰውዬው።

ዳኛው ወደ ሰልማ ዞሩ። «ልጄ፣ ላም በምልክቷ ትለያለች። ስልኩ ቢገኝ ያንቺ መሆኑ በምን ይታወቃል?»

«በይለፍ ቃሉ፣ ጋሼ። የስልኩም የአካውንቱም አንድ ነው፤ ሳጂዳ ናት ያወጣችልኝ።»

«ለጉባኤው ይነገር!»

ከጎኗ የተቀመጠችው ነርስ ትሕትና «እትዬ ሰልማ፣ እንዳይናገሩ! ምስጢር እኮ ነው!» ብላ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች።

«ሳጂዳ፣ ዘጠኝ፣ አራት፣ አራት፣ ሁለት!»

«ይደገም! ከኋላ ያሉት አልሰሙም!»

ተደገመ፤ ተሠለሰም። አቶ እንዳላማው በእርካታ ተቀመጡ። «አገር ያወቀውን ደግሞ ማን ይሰርቀዋል?»

ትሕትና በራሷ ስልክ ደውላ ሲሙን አዘጋች፤ ለባንኩም አስታወቀች። «አይዞዎት፤ ቪዲዮው አካውንትዎ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። ኔትወርክ ሲስተካከል በኔ ስልክ እንከፍተዋለን» አለቻት። ሰልማ ግን እስከ ደብረ ማርቆስ አለቀሰች።

መናኸሪያው እንደ ደረሱ ትሕትና ስልኳን አዘጋጀች። «በሉ አሁን በጆሮዬ ይንገሩኝ።»

ሰልማ አፏን ከፈተች። ድንጋጤው ሁሉን ጠርጎ ወስዶታል። «ሳጂዳ… ሰባት… ኧረ ጠፋኝ! እናቴን በምን ዓይኔ ልያቸው?»

ተሳፋሪው ሻንጣውን ተሸክሞ ሊወርድ ተነሥቷል። አቶ እንዳላማው በሩን በከዘራቸው አገዱት። «አውጫጪኙ አልተነሣም! የሰማ ይመስክር!»

ገበሬው፣ ቆሎ ዘጋኟ ወይዘሮ፣ መሳፍንት እንኳ ሳይቀር መሪውን እንደ ያዘ፣ አውቶቡሱ በአንድ ድምፅ አስተጋባ፦

«ሳጂዳ! ዘጠኝ! አራት! አራት! ሁለት!»

ተከፈተ! ቪዲዮውም አለ! ሳጂዳ በሙሽራ ልብሷ አሸብርቃ «እማማ፣ እኔ ነኝ፤ ዱዓ ያድርጉልኝ» ስትል አውቶቡሱ በእልልታ ተናወጠ። አያቲቱ ገና ሳይመርቁ ተሳፋሪው ሁሉ «አሜን!» አለ። ትሕትናም ቪዲዮውን አማኑኤል ከእናቱ ጋር ለሚጠብቀው ለሰልማ ወንድም ለፈሐድ ላከችው።

«አሁን የይለፍ ቃሉ ይቀየር፤ አገር ሰምቶታል» አለች። ሰልማ ጥቂት አሰበችና ስልኩን ተቀብላ አዲስ ጻፈች። ትሕትና አየት አድርጋ ሳቋን ዋጠች።

አቶ እንዳላማው ከዘራቸውን አነሡ። «አዲሱስ ምልክት? ለጉባኤው ይነገር እንጂ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፤ ይህንን እንኳ አልናገርም።»

«ለዳኛ?»

«ለዳኛ በተለይ።»

በጉባኤ ላይ እንዲህ ያለ ድፍረት አይተው አያውቁም። እያጉረመረሙ ወረዱ፤ መንገድ የዘጋ አንድ ባጃጅ ነጂ አገኙና ወዲያው ችሎት ተቀመጡበት። ሰልማ እንባዋን እየጠረገች በመስኮት ስታያቸው ቆየች። ዳኛው ዕድሜ ልካቸውን የማይሰሙት አዲሱ የይለፍ ቃል «ጋሼ እንዳላማው» ነበር።