የሦስት ሜትር ከአሥራ ሁለት ሴንቲ ሱሪ ጉዳይ

ማክሰኞ ሚያዝያ 14 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ድሬ ዳዋ፣ የጣሳ ፋብሪካው የስብሰባ ክፍል (ማራገቢያው አይሠራም)

የደንብ ልብስ ኮሚቴ አባላት፦
ጓድ ዘገዬ፣ ሥራ አስኪያጅ፣ ሰብሳቢ
ጓድ ተሰማ፣ የፖለቲካ ጉዳይ ኃላፊ
ጓድ አብዱላሂ፣ የግምጃ ቤት ኃላፊ
ጓድ ሃሊሞ፣ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ

ለማስረዳት የተጠሩ፦ ጓድ ፋርሒያ፣ የኮምፒዩተር ሠራተኛ፤ አቶ ሽሬ፣ ልብስ ሰፊ
ጸሐፊ፦ አሰገደች (ድምፅ የላትም)

ጓድ ሃሊሞ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድልድዩ ላይ ሰው ስለተጨናነቀ ዘግይተው ገቡ። ምልዓተ ጉባኤው የተሟላው በ3፡30 ነው።

አጀንዳ 1፦ ስለ ሱሪው

አቶ ሽሬ የሰፉትን ሱሪ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ሱሪው ጠረጴዛውን አቋርጦ አንዱ እግሩ ሰብሳቢው ጭን ላይ አረፈ። አቶ ሽሬ ሲያስረዱ፣ ለሜይ ዴይ ሰልፍ የሚሰፋው ሱሪ ቁመት በኮምፒዩተር ተዘርዝሮ እንደደረሳቸው፣ የመጀመሪያው ተራ የዘበኛው የዋበሪ እንደሆነ ገልጸው፣ «ወረቀቱ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሴንቲ ይላል። የመንግሥት ወረቀት ነው ብዬ አልተከራከርኩም፤ ሰፋሁ» አሉ።

ከዋበሪ በታች ያለው ሠራተኛ ሁሉ የሌላ ሰው ልክ ደርሶታል። ከዝርዝሩ መጨረሻ ያሉት ሰብሳቢውና ጓድ ተሰማ ዜሮ ዜሮ ሆነዋል። ሰብሳቢው ዜሮ ማለት ቁምጣ እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ሽሬ፣ «ጓድ፣ ዜሮ ቁምጣም አይሆንም» ሲሉ መለሱ። ለሰልፉ የቀረው ዘጠኝ ቀን መሆኑ ተመዘገበ።

አጀንዳ 2፦ ስለ መንስኤው

ጓድ ፋርሒያ እንዳስረዱት፣ ፕሮግራሙ የተጻፈው ፎርትራን በሚባል ቋንቋ ነው። የሠራተኛው የሱሪ ቁመት በካርድ ላይ በተርታ ተበስቶ ይገባል። ሦስቱ ዘበኞች የሱሪ ቁመታቸው እኩል 104 ስለሆነ፣ ካርዱ ላይ «3» ከዚያ የኮከብ ምልክት፣ ከዚያ «104» ተብሎ አጥሯል፤ ትርጉሙም «104ን ሦስት ጊዜ» ማለት ነው። ባለፈው ወር የመጣው ቴክኒሻን ግን ኮምፓይለሩን፣ ማለትም ፎርትራኑን ለኮምፒዩተሩ የሚተረጉመውን ፕሮግራም፣ በአዲስ ለውጦታል። አዲሱ ኮከቡን እንደ ማባዣ አየው። ሦስት ቁጥር መግባት ሲገባው አንድ ትልቅ ቁጥር ገባ፤ ከሥር ያለው ሁለት ሁለት ቦታ ወደ ላይ ተሳበ፤ መጨረሻው ባዶ ቀረ። «አጻጻፉ የድሮ ነው፤ የተሳሳተው ግን ተርጓሚው ነው» በማለት ደመደሙ።

ሰብሳቢው ተርጓሚው ለምን እንዳልተጠራ ጠየቁ። በባቡር ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት በአስተርጓሚነት ወደሠሩት ወደ ጓድ አብዱላሂ ሁሉም ዞረ። ጓድ አብዱላሂ ተነስተው፣ «ወላሂ፣ ከሱማልኛ ወደ አማርኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ ፈረንሳይኛ ተርጉሜአለሁ። የሰው ቃል ግን ሦስት እጥፍ አድርጌ አላውቅም!» አሉ። ከአርባ ደቂቃ ውይይት በኋላ ጓድ አብዱላሂ ከጉዳዩ ነጻ መሆናቸው ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ ስለ መፍትሔው

ጓድ ፋርሒያ ኮከቡ ተነስቶ 104 ሦስት ጊዜ ቢጻፍ ጉዳዩ በአሥር ደቂቃ እንደሚያልቅ ገለጹ።

ጓድ ተሰማ ተቃወሙ። ኮከብ በፓርቲው ዓርማ ላይ እንዳለ አስታውሰው፣ ዛሬ ከካርድ የተነሳ ነገ ከየት እንደሚነሳ ጠየቁ። በምትኩ ሱሪውን ሦስቱ ዘበኞች በኅብረት እንዲለብሱት ሐሳብ አቀረቡ።

ጓድ ሃሊሞ፣ «አቦ ተዉና! አንዱ ሽንት ቤት ሲሄድ ሦስቱም ሊሄዱ ነው?» አሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ሱሪው ለሙከራ በሰልፉ ቀን ብቻ በጋራ እንዲለበስ፣ ዜሮ የደረሳቸው ሁለቱ ጓዶች ደግሞ ሰልፉን ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው እንዲከታተሉ ተወስኗል። ጠረጴዛው የጨርቅ ልብስ እንዲኖረው ጓድ አብዱላሂ አሳሰቡ።

አጀንዳ 4፦ ስለ ተጠያቂነት

ጓድ ተሰማ ይህ ስህተት ሳይሆን አሻጥር ነው አሉ። ኮከቡን ካርዱ ላይ ያስገባ ሰው የሠራተኛውን ሰልፍ ለማሰናከል አስቦ ስለሆነ፣ ጓድ ፋርሒያ ከሥራ ታግደው ለደኅንነት እንዲተላለፉ ጠየቁ።

ጓድ ፋርሒያ፣ «እኔ ኮከቡን ከራሴ አላመጣሁትም» አሉ።

ጓድ ተሰማ፣ «ታዲያ ማን አመጣው?»

ጓድ ፋርሒያ ጓድ ተሰማን አዩ፤ ከዚያ አቀረቀሩ።

ድምፅ ተሰጠ። ሁለት ደገፉ፤ ጓድ ሃሊሞ ተቃወሙ፤ ጓድ አብዱላሂ እጃቸውን እስከ ትከሻቸው ስላነሱ በየትኛው እንደሚቆጠር አልታወቀም። እንዲተላለፉ በብልጫ ተወስኗል።

ጓድ ፋርሒያ፣ «ከመሄዴ በፊት ካርዶቹን ላስተካክል። ሰዉ ያለ ሱሪ እንዳይሰለፍ» ብለው ጠየቁ። ተፈቅዶላቸው ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍል ሄዱ።

በሩ እንደተዘጋ ጸሐፊዋ፣ የመናገር መብት እንደሌላት እያወቀች፣ ተነሳች። ከመዝገብ ቤት ፋይል አንድ ደብዳቤ አውጥታ አነበበች። ደብዳቤውን ጥቅምት ላይ በታይፕ የጻፈችው ራሷ ናት። «በካርድ ቁጠባ ዘመቻችን መሠረት፣ ተመሳሳይ ቁጥር ሲደጋገም በኮከብ ምልክት እንዲያጥር በጥብቅ አሳስባለሁ» ይላል። የፈረሙት ጓድ ተሰማ ናቸው።

ጓድ ተሰማ ውሃ ጠየቁ። ጠጡ። ሌላ ጠየቁ።

ከዚያም ጸሐፊዋ የተናገረችው ሁሉ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ጠየቁ፤ ተወስኗል። ጓድ ሃሊሞ ግን፣ «ይሁን። ፋርሒያ ለደኅንነት ስትሄድ ይሄ ደብዳቤም አብሯት ይሄዳላ?» አሉ። ጓድ ተሰማ ነገሩን በጥልቀት ሲያጤኑት ፖለቲካዊ ሳይሆን ቴክኒካዊ ሆኖ እንዳገኙት ገለጹ።

ጓድ ፋርሒያ አዲሱን ዝርዝር ይዘው ተመለሱ። ዘበኞቹ ሦስቱም 104፣ ሰብሳቢው 98፣ ጓድ ተሰማ 91። አቶ ሽሬ በሜትራቸው ጓድ ተሰማን ለክተው፣ «ልክ ነው፣ ዘጠና አንድ» አሉ።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

በጓድ ተሰማ አቅራቢነት፣ ኮሚቴው ከጧቱ 3፡30 ጀምሮ ያሳለፋቸው ውሳኔዎች፣ አንድም ሳይቀር፣ እንዳልተወሰኑ እንዲቆጠሩ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ጓድ አብዱላሂ በዚህኛው ሁለቱንም እጃቸውን አነሱ። ጓድ ፋርሒያ ዝርዝሩም ተሽሮ እንደሆነ ሲጠይቁ ሰብሳቢው፣ «እሱ ውሳኔ አይደለም፣ ሥራ ነው» አሉ። አቶ ሽሬ የኮሚቴው ሐሳብ ሳይለወጥ ዝርዝሩን ይዘው ወጡ።

ኮሚቴው 6፡25 ላይ ተነሳ።

የጸሐፊዋ ማስታወሻ፦ ጸሐፊዋ የተናገረችው ከዚህ ቃለ ጉባኤ እንዲሰረዝ ተወስኖ ነበር። ያም ውሳኔ ከሌሎቹ ጋር ስለተሻረ ንግግሯ እንዳለ ቀርቧል።

አሰገደች (ፊርማ)