የሚያስለው ሃርድ ዲስክ

ያረጀ ነገር መቼ ይቀየራል? ጫማ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ አውራ ጣት ብቅ ብላ መንገደኛውን ሰላም ማለት ስትጀምር ገበያ ይወጣል። ጥርስም ቢሆን እንቅልፍ ሲነሳ ራሱ እየጎተተ ሐኪም ዘንድ ይወስዳል። ችግሩ ከውጭ ሲያዩት ደህና መስሎ ከውስጥ የሚያረጀው ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው፣ በተለይ ወንድ፣ በተለይ ደግሞ ባለቤቴ፣ ቀብሮት ካልተመለሰ በቀር አይቀይረውም።

ባለቤቴ ታደሰ እዚህ ጅቡቲ የሠርግ ቪዲዮ ያነሳል። ካርቲየ አንድ የሚባለው ሰፈር ባለችው ቤታችን ጥግ ላይ ኮምፒውተሩ ተቀምጧል፤ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ደግሞ እዚህ ያለው ሐበሻ ግማሹ የተዳረበት አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነበር። ይህ ዲስክ ሙቀቱ ከገባ ጀምሮ ማሳል አመጣ። ቀጭ፣ ቀጭ ይልና ዝም ይላል። አንድ ቪዲዮ ለመክፈት ወገቡን የሚያመው ሽማግሌ ከወንበር እስኪነሳ ያህል ይፈጅበታል። እኔ እንቀይረው አልኩ። ታደሰ ግን የሙቀቱ ነው ብሎ የቤታችንን ብቸኛ ማራገቢያ ከእኔ ላይ አንስቶ ወደ ኮምፒውተሩ አዞረው። ጅቡቲን በሐምሌ የማታውቋት ከሆነ በትዳሬ ላይ ምን እንደተፈጸመ አይገባችሁም። እኔ በላብ ስጠመቅ ዲስኩ በነፋስ ይንደላቀቅ ነበር።

ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ተረትኩ፤ ደጋግሜ ተረትኩ። እሱ ደግሞ እስካሁን ምን ሆነ ይለኛል። እስካሁን ምንም ያልሆነን ነገር ማን ይከሰዋል?

አንድ ዓርብ ጠዋት ሰናይት መጣች። ሰናይት ሆዳን የሚባለው ሰፈር አንድ ቤተሰብ ዘንድ እያደረች የምትሠራ ልጅ ናት፤ በቅርቡ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ስታገባ ሠርጓን ያነሳው ታደሰ ነው። እናቷ ያሉት ደሴ ነው፤ ሙቀቱንም መንገዱንም ፈርተው ሳይመጡ ቀሩ። ባሏ በማግስቱ ወደ ኮምቦልቻ ጭኖ ስለሚወጣ፣ ቪዲዮውን በፍላሽ ይዞላቸው እንዲሄድ ፈልጋለች።

ታደሰ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ዲስኩ ቀጭ አለ። ከዚያ ቀጭ ማለቱንም ተወው።

ሰናይት ፍላሿን እንደያዘች ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ብትጮህ ይሻለን ነበር። ዲስኩን ፈትተን በፎጣ ጠቅልለን ሦስታችንም ካርቲየ ሰባት፣ አወሌ ዘንድ ገሰገስን። አወሌ ድሬዳዋ ያደገ፣ አማርኛን ከእኛ አሳምሮ የሚናገር የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። የተጣደፍነው ያለ ነገር አይደለም፤ ቀትር ላይ ጫት ከገባ በኋላ በዚህ ከተማ ሥራ የሚፈታ ሰው እንጂ ሥራ የሚይዝ አይገኝም።

አወሌ ዲስኩን ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ጆሮውን አስጠጋ። መቼ እንደጀመረው ታደሰን ጠየቀው። ታደሰ በቅርቡ ነው አለ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

አወሌ ነገሩን አላሳመረውም። ዲስኩ ቀዝቀዝ ሲል ምናልባት አንዴ ሊነሳ እንደሚችል፣ ያን ጊዜ አብልጠን የምንፈልገውን አስቀድመን ወደ አዲስ ዲስክ መገልበጥ እንዳለብን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አላህ እንደሚያውቅ ነገረን። ከዚያ ወደ ሰናይት ዞረ።

"እህቴ፣ ምኑ ይቅደም?"

ታደሰ በእሷ ፈንታ መመለስ ጀመረ፤ ቬሎው፣ ቀለበቱ፣ ኬኩ። ሰናይት ቀስ ብላ አቋረጠችው።

"ጋሼ ታደሰ፣ እንግዶቹ ይቅደሙ። እናቴ ቬሎ ምን ያደርግላታል? ሁልጊዜ የምታለቅሰው ልጄ በሰው አገር ብቻዋን ቀረች እያለች ነው። ሰው እንዳለኝ እንድታይ ነው የምፈልገው።"

አወሌ ከእንግዶቹ ጀመረ። የገዛው ጫት ጠረጴዛው ላይ እየጠወለገ እሱ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም፤ ጅቡቲ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የወዳጅነት ምልክት አላውቅም። እንግዶቹ አንድ ሳይቀሩ ወደ አዲሱ ዲስክ ተሻገሩ። ሙሽራዋ ወዳለችበት ቪዲዮ ሲዞር አሮጌው ዲስክ አንዴ አቃሰተና እስከ ወዲያኛው አረፈ።

ፍላሹ ደሴ ደርሶ የሆነውን ሰናይት በስልክ ነገረችን። እናትየው ጎረቤት ሰብስበው አዩት። የባሏ ጓደኞች ሹፌሮቹ ተቃቅፈው ሲጨፍሩ፣ የሶማሌና የአፋር ጎረቤቶች እልል ሲሉ፣ የሰናይት አሠሪ እስክስታ ልሞክር ብለው አንገታቸውን ይዘው ሲቀመጡ አዩ። አለቀሱ፤ ሳቁ። ልጄ እንዲህ ሰው አላት ወይ እያሉ መረቁ። መጨረሻ ላይ ግን ወደ አማቻቸው ጠጋ ብለው ጠየቁት።

"ይሄ ሁሉ ሰው መጥቶላት፣ ልጄ ከራሷ ሠርግ የቀረችው ምን ሆና ነው?"

ይህን ስትሰማ ሰናይት አሠሪዎቿን አስፈቅዳ፣ በሚቀጥለው ጭነት ከባሏ ጎን ተቀምጣ ራሷ ወጣች። እናትና ልጅ ከስንት ዘመን በኋላ ተቃቀፉ።

ታደሰ አሁን ይህን ታሪክ በየሠርጉ ያወራዋል። እናትና ልጅን ያገናኘሁት ዲስኩን ቸኩዬ ባለመቀየሬ ነው ይላል። ሰው ይሰማዋል፤ አንዳንዱም ይመርቀዋል።