ሁለት ጊዜ የተሠራ በር

ቡራዩ ውስጥ ቤት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ኦቦ ዋቆ አለው። የለኝም የሚል ካለ ቤቱ ገና አዲስ ነው፤ ሁለት ክረምት ይታገሰን።

የእኛን ኦቦ ዋቆ ያገኘሁት በብዙ ጥንቃቄ ነው። ታማኝ ኮንትራክተር ፍለጋ ሦስት ጎረቤት ጠየቅሁ። ሦስቱም ኦቦ ዋቆን አምርረው አሙልኝ፤ ሦስቱም የሰጡኝ ግን የእሳቸውኑ ስልክ ነው። "ሌላ ሰውስ?" ስል፣ "ሌላው ይብሳል" አሉኝ።

መጸዳጃ ቤታችን ግቢው ጥግ ላይ ነው። እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ሆለታ እህቴ ጋ ነበረች፤ ክረምቱን ግን እኛ ጋ ልታሳልፍ ነው። በጭቃ ግቢ አቋርጣ ደግማ ብትወድቅ እንደማትነሳ ሐኪሙ ነግሮናል። ስለዚህ ኦቦ ዋቆ ከመኝታ ክፍሏ አጠገብ መጸዳጃ በሦስት ሳምንት ሊሠሩልን ተስማማን።

ክቡር ጠቅላላ ኮንትራክተር ኦቦ ዋቆ በመጀመሪያው ቀን ግድግዳውን መታ መታ አደረጉና የታመመ በሬ እንደሚያይ ሰው ፊታቸውን አጨማደው፣ "ይሄን ማነው የሠራው?" አሉ። ቧንቧውንም፣ ወለሉንም፣ የባለቤቴን የሩሃማን የጫማ መደርደሪያ ሳይቀር እንዲሁ ጠየቁ። መደርደሪያውን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ሲደወልላቸው ሁልጊዜ አሸዋ ሜዳ ናቸው። "አሸዋ ሜዳ ደርሻለሁ፣ መጣሁ!" ከጀርባቸው ላም ይጮሃል። አሸዋ ሜዳ አስፋልት ላይ ይህን ያህል ላም መኖሩን እስከዚያ አላውቅም ነበር። ሲሚንቶ ጠፋ ስንላቸው፣ ግንበኛው ቀረ ስንላቸው፣ መልሳቸው "ለእኔ ተወው" ነው። ተውኩት። ሦስቱ ሳምንት ሰባት ሆነ።

ሰኔ ገባ። እሑድ እህቴ እናቴን ይዛት መጣች። የቀረው ቀለም ብቻ ነበር። ኦቦ ዋቆ ብቅ ብለው "አከም ጂርቱ፣ እማማ?" ብለው ሰላም አሏትና፣ እናቴ በእኔ ክንድ ተደግፋ ከመኪና ስትወርድ ቆመው አዩ።

ሰኞ ጠዋት ከዳቦ ቤት ስመለስ ያለቀውን የመጸዳጃ በር ከነመቃኑ ነቅለው ግድግዳውን ሲያፈርሱ አገኘኋቸው።

"ኦቦ ዋቆ! ክረምት ገብቶ ያለቀ ሥራ ያፈርሳሉ? በቃ፣ ዕቃዎን ይሰብስቡ!" ብዬ ጮኽኩ።

መዶሻቸውን አስቀመጡ። "ትናንት አየኋቸው እኮ። እማማ ብቻቸውን አይራመዱም። በሩ የሚያስገባው አንድ ሰው ነው፤ ደግፎ የሚያስገባቸው በየት ይግባ? ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ።"

መዶሻውን አንስቼ መለስኩላቸው። ዕቃቸውንም አልሰበሰቡም።

አመሻሹ ላይ ዝናቡ ግቢውን ሲያጥለቀልቀው፣ እናቴን በክንዴ ይዤ በሰፋው በር ጎን ለጎን ገባን። ክርኔ እንኳ መቃኑን አልነካም።

"እንደ ሙሽራ አስገባኸኝ እኮ!" ብላ ሳቀች። ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ ስሰማት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ኦቦ ዋቆ ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ወደድኳቸው፤ ምን ይደረግ።