የሬዲዮ እርሾ

ከኮምፒውተር የበለጠ ጨዋ ፍጥረት አላየሁም። ሰው ገደል ሊገባ ሲል ወዳጁ እንኳ ቆሞ ያየው ይሆናል፤ ኮምፒውተር ግን “እርግጠኛ ነህ?” ብሎ ይጠይቃል። ታዲያ ማን ይሰማዋል? እኔ ቢቸና ተወልጄ ካደግሁ ጀምሮ “እርግጠኛ ነህ?” ተብዬ “አይደለሁም” ያልኩበትን ቀን አላስታውስም።

ቢቸና ውስጥ በአንድ የጤና መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ስልክ ወደማይሠራበት ቆላ ለክትባት የሚወርዱት ሠራተኞች የእጅ ሬዲዮ ይይዛሉ፤ የሚነጋገሩባቸውን ቻናሎች ሬዲዮው ላይ የምጭነው እኔ ነኝ። የምጭንበትን ሶፍትዌር የሠሩት ሬዲዮ በፍቅር ብቻ የሚነካኩ፣ አማተር የሚባሉ የባሕር ማዶ ሰዎች ናቸው፤ ሠርተውም ለዓለም በነጻ ለቀቁት። ጸበል ጻዲቅ ማለት ይኼ አይደለም? አድራሻቸውን ባውቅ ለፋሲካ በግ እልክላቸው ነበር።

ሲስተር ሰዓዳ ከወሎ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። አምና ያለ ሬዲዮ ቆላ ወርዳ፣ መኪናው የት እንደሚጠብቃት የሚነግራት አጥታ፣ በረዶው ቀልጦ ክትባቱ ተበላሽቶ ተመለሰች። “ዘንድሮ ሬዲዮ ካልያዝኩ አልወርድም፤ የእነዚያን እናቶች ፊት በምን ዓይኔ አየዋለሁ?” አለችኝ። እውነቷን ነው። ደግነቱ ዘመቻው ሰኞ ሊጀመር ቅዳሜ ለእሷ አዲስ ሬዲዮ መጣ።

አዲሱ ሬዲዮ በመልኩ ከአሮጌዎቹ ጋር መንታ ነው፤ ሶፍትዌሬ ግን አላውቀውም አለ። ስለዚህ አፕዴት ማድረግ ነበረብኝ። ላፕቶፔ በሚሠራበት፣ ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ይህ ማለት ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ መጻፍ ነው፤ ሲስተር ሰዓዳ ቆማ ስለምታይ ከሚያስፈልገው በላይ እየፈጠንኩ ጻፍኩ። አዲሱ ቨርዥን ገባ። የሬዲዮውን ኬብል ስሰካ ግን ኮምፒውተሩ በዚህ ቀዳዳ የመጠቀም ፈቃድ ያለው ለዚሁ በተመዘገበ ቡድን ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ነው አለኝ። በገዛ ላፕቶፔ! እድር ላልገባ ሰው ድንኳን አይወጣም ማለቱ ነው። ተመዘገብኩ። አሁንም እንቢ! ለካ ከኮምፒውተሩ ወጥቼ እንደ አዲስ መግባት ነበረብኝ። ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ተከፈተልኝ። ሲስተር ሰዓዳ “ማሻ አላህ!” አለች። ጉድ የሠራችኝ ይህቺ ማሻ አላህ ናት።

የቀረው ሥራ ቀላል ነው፤ ቻናሎቹን ከአሮጌው ሬዲዮ ወደ ኮምፒውተር መቅዳት፣ ከዚያ ወደ አዲሱ መገልበጥ። እኔ ግን በደስታ ሰክሬ ከመንታዎቹ መካከል ያነሳሁት አዲሱን፣ ባዶውን ነበር። ባዶውን ቀድቼ፣ የቻናሎቹ ብቸኛ ቅጂ በነበረው በድሮው ፋይል ስም ላስቀምጥ ስል፣ ያ ጨዋ ፍጥረት በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ፣ ልተካው ወይ፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንዴታ! ከዚያም ሁሉም እኩል ይሁኑ ብዬ አሮጌዎቹንም በየተራ ባዶውን አጠጣኋቸው። ስከፍታቸው ከፋብሪካ ተቀድታ የመጣች አንዲት ሴት በማላውቀው ቋንቋ ታናግረኛለች፤ ቻናል የሚባል ነገር የለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን የምለቅመው እንኳ አልነበረኝም።

ሲስተር ሰዓዳ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። “እና ሰኞስ?” አለች ብቻ።

የአገሬ ሴቶች እርሾ ሲበላሽባቸው ምን ያደርጋሉ? ኩባያ ይዘው፣ ድሮ ከእነሱ እርሾ ወደወሰደችው ጎረቤት ይሄዳሉ። እኔም ጋሽ ይበልጣል ትዝ አሉኝ። ሞጣ ላይ የእኔን ሥራ የሚሠሩ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው ናቸው። አምና መጥተው እነዚህኑ ቻናሎች ከእኔ ሬዲዮ ወደ ራሳቸው አስገልብጠዋል፤ እኔም “ጋሼ፣ ሁልጊዜ ቅጂ ያስቀምጡ” የሚል ረጅም ስብከት መርቄላቸዋለሁ። ደወልኩላቸው። የቻናሎቹን የሞገድ ቁጥር በስልክ ይንገሩኝ ብላቸው፣ ሬዲዮው የሚያሳየው የቻናሉን ስም እንጂ ቁጥሩን አይደለም፣ ኮምፒውተሬም ተበላሽቷል፤ ላፕቶፕህን ይዘህ ና አሉኝ።

እሁድ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ላፕቶፔን ከዶሮና ከጆንያ እየተከላከልኩ ሞጣ ገባሁ። ጋሽ ይበልጣል ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ጠበቁኝ። ስብከቴን ይመልሱልኛል ብዬ አንገቴን ብደፋ፣ “ምሳ ሳትበላ ኬብል አትሰካም” አሉኝ። በልቼ ሰካሁ፤ ቻናሎቹም ወጡ። ሁለት ቦታ አስቀመጥኳቸው፤ ልቤ ስላላመነ ስልኬም ላይ ደገምኩ። ማመስገን ስጀምር “የምትወስደው የሰጠኸኝን ነው፤ ምን ያመሰጋግናል?” ብለው አቋረጡኝ። እኔ ግን እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም።

ሰኞ ሬዲዮዎቹ ሁሉ ቻናል ይዘው ወረዱ። ከሰዓት በኋላ የሲስተር ሰዓዳ ድምፅ ከቆላ ተሰማ፤ ልጆቹ ተከትበው አልቀዋል፣ በረዶውም አልቀለጠም፣ መኪናውን ላክ አለችኝ። እንዲህ ደስ የሚል ትእዛዝ ከማንም አለቃ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ተረፈ። ጋሽ ይበልጣል ሬዲዮው ሲከፈት ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ሰላምታ ለራሳቸው አስተካክለውት ኖሯል፤ እርሱም አብሮ ተቀድቶ መጣ። አሁን የቢቸና ሬዲዮዎች በሙሉ ሲበሩ፣ በፈረንጅ ፊደል፣ እንኳን ወደ ሞጣ በደህና መጡ ይላሉ! አለቃዬ አጥንታቸው ድረስ የቢቸና ሰው ናቸውና፣ ይህን ጉድ ዛሬውኑ አጥፋልኝ አሉ። ማጥፋቱ ቀላል ነው። ሶፍትዌሩን ከፍቼ ሰላምታውን ልሰርዝ ስል፣ ያ ጨዋ ፍጥረት “እርግጠኛ ነህ?” አለኝ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ “አይደለሁም” አልኩት።